የሰርጓጅ ነፍስ አድን መርከብ ምንድን ነው?

ብሔራዊ አካባቢ ቆማችሁ የንግድ ባንክን ሕንፃ ቀና ብላችሁ እዩት። ቁመቱ 209 ሜትር ነው። የሩሲያው ሰርጓጅ መርከብ ኩርስክ በነሐሴ 1992 ዓ.ም. ባሬንትስ ባሕር ውስጥ ሲሰምጥ ያረፈው 108 ሜትር ላይ ነበር። የዚህ ሕንፃ ግማሽ ገደማ መሆኑ ነው። መርከቡ ራሱ 154 ሜትር ይረዝማል፤ በአፍንጫው ቢተከል ኖሮ ጭራው ከውሃው በላይ ይታይ ነበር። ከፍንዳታው የተረፉ 23 ሰዎች ከኋላ ባለው ክፍል ተሰብስበው ለሰዓታት በሕይወት ቆይተዋል። በመጨረሻ ግን 118ቱም አለቁ።

ታዲያ ለምን በሩን ከፍተው አይዋኙም? ውሃ በየ10 ሜትሩ አንድ የአየር ግፊት ያህል ይጨምራል። 100 ሜትር ላይ አንድ ሰው የሚሸከመው ግፊት ባሕር ዳርቻ ከሚሸከመው 11 እጥፍ ነው። ለዚህ ነው ማዳኑ ብዙ ጊዜ ከላይ መምጣት ያለበት። ነፍስ አድን መርከብ የሚባለውም ይህን ሥራ የሚሠራው ነው።

መርከቧ ራሷ አትጠልቅም። ከላይ ሆና ትቆማለች፤ መልሕቅ ሳትጥል፣ በጎንና በጎኗ ባሉ ሞተሮች እየተገፋች፣ ማዕበሉ ቢያንገላታትም ከቦታዋ ንቅንቅ አትልም። ከጀርባዋ ትልቅ ማንሻ አለ። በእሱ ትንሽ ሰርጓጅ ወይም ደወል የመሰለ ክፍል ታወርዳለች። የወረደው ነገር የሰመጠው መርከብ መውጫ ላይ ይቀመጣል። ከዚያ በመሃላቸው ያለው ውሃ ይወጣና ልክ እንደ ዋግምት ይጣበቃል፤ አጣብቆ የሚይዘው የውጭው የባሕር ግፊት ነው። ክዳኑ ይከፈታል፣ ሰዎቹ ሳይረጥቡ ይሻገራሉ።

ይህ ወሬ ብቻ አይደለም። በግንቦት 1931 ዓ.ም. ስኳለስ የተባለ የአሜሪካ ሰርጓጅ 70 ሜትር ያህል ጥልቀት ላይ ሰመጠ። ፋልከን የተባለች የቀድሞ ፈንጂ ጠራጊ መርከብ ደረሰች፤ ደወሉን አወረደች። በአራት ምልልስ 33 ሰው አወጡ። አራተኛው ጉዞ ላይ የብረት ገመዱ መበጣጠስ ጀመረ። ደወሉን ሰዎቹን እንደያዘ መልሰው ወደ ታች አወረዱትና በመጨረሻ በእጅ ጎትተው አወጡት። ደወሉ ውስጥ ሆኖ ያንን መጠበቅ ምን እንደሚመስል እናንተው አስቡት። ሌሎቹ 26 ግን ቀድሞውኑ ውሃ በሞላው ክፍል ውስጥ ሞተዋል።

ሰው ከወጣ በኋላም ሥራው አላለቀም። የሰመጠው መርከብ ውስጥ ግፊት ጨምሮ ከቆየ፣ ሰውየው ደም ውስጥ የገባው ናይትሮጅን አረፋ ሆኖ ሊገድለው ይችላል። (ቀይ ባሕር ጠልቆ የወጣ ሰው በዚያው ቀን በአውሮፕላን ወደ አዲስ አበባ እንዲመጣ የማይመከረውም ለዚሁ ነው። እዚህ ከፍታችን አየሩ ስስ ነው።) ስለዚህ መርከቧ ላይ የግፊት ክፍሎች አሉ። የዳኑት እዚያ ገብተው ግፊቱ ቀስ እያለ ይቀንስላቸዋል፤ ቀናት ሊወስድ ይችላል።

ኦክስጅን ያልቃል ብለን እንፈራለን። ብዙ ጊዜ ግን ቀድሞ የሚጥለው ራሳቸው የሚያወጡት የተቃጠለ አየር ነው። ለዚህ ነው ዋናው ነገር ጊዜ የሚሆነው፤ እኔ እንደሚመስለኝ ከማሽኑም ይበልጣል። ኩርስክ ጊዜ የሩሲያ ትንንሽ ሰርጓጆች መውጫው ላይ መጣበቅ አቅቷቸው ሲመላለሱ ነበር። የውጭ እርዳታ የተፈቀደው ከአራት ቀን በኋላ ነው። የኖርዌይ ጠላቂዎች ደርሰው ክዳኑን ሲከፍቱት ውስጡ ውሃ ሞልቶ አገኙት።

ጥልቀቱ ሲበዛ ደግሞ መርከቧም ምንም ማድረግ አትችልም። በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. የኢንዶኔዥያው ሰርጓጅ ናንጋላ ሲጠፋ ስዊፍት ሬስኪው የተባለችው የሲንጋፖር ነፍስ አድን መርከብ ገስግሳ ነበር። ናንጋላ የተገኘው 838 ሜትር ላይ፣ ተሰባብሮ ነው።

ኩርስክ ግን አንድ ነገር ለወጠ። አገሮች ሰርጓጅ ሲጠፋ ማን ምን መሣሪያ እንዳለውና የት እንዳለ የሚያስተባብር ቢሮ አቋቋሙ። በ1997 ዓ.ም. ደግሞ ካምቻትካ አጠገብ አንዲት የሩሲያ ነፍስ አድን ሰርጓጅ፣ አዳኟ ራሷ፣ መረብና ገመድ ውስጥ ተተበተበች። በዚህ ጊዜ ሩሲያ አላመነታችም፤ ቶሎ እርዱኝ አለች። እንግሊዞች ሰው አልባ ሮቦታቸውን በአውሮፕላን ጭነው ደረሱ፣ መረቡን ቆራረጡት፣ ሰባቱም መርከበኞች በሕይወት ወጡ።