የሰፈር የወጣቶች ስፖርትና ትምህርት ማዕከል ግንባታ በወሎ

በወሎ «ወጣት ማዕከል» ሲባል ለብዙ ሰው የሚታየው አዳራሽ፣ ከረንቡላና ቴሌቪዥን ነው። ይህ ዳሰሳ የሚመለከተው የሰፈር ሰው አዋጥቶና ተባብሮ የሚያቆመውን፣ ኳስ ሜዳና ማንበቢያ ክፍል በአንድ ግቢ የያዘውን ማዕከል ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው ብሔራዊ የወጣቶች ፖሊሲ ወጣት የሚለው ከ15 እስከ 29 ዓመት ያለውን ነው። ሜዳው ግን ዕድሜ አይጠይቅም፤ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ደብተሩን ድንጋይ ላይ ጥሎ፣ ካልሲ ውስጥ ጨርቅ ጠቅጥቆ ኳስ የሚሠራው የ8 ዓመት ልጅም ባለቤቱ ነው።

ትምህርትን ሕዝብ ተሸክሞ ማኖር ለወሎ እንግዳ አይደለም። አባ ኢየሱስ ሞዐ በ13ኛው ክፍለ ዘመን በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ያስተማሯቸው ደቀ መዛሙርት በየአገሩ ገዳም ተክለዋል። በእስልምናውም በኩል ጀማ ንጉሥና ዳና የታወቁ የዒልም (የሃይማኖት ትምህርት) ማዕከሎች ሆነው ብዙ ደረሳ፣ ማለትም ተማሪ፣ አፍርተዋል። የቆሎ ተማሪውንም ደረሳውንም ቁራሽ ሰጥቶ ያቆየው ያው ገበሬ ነው። የዛሬውም ማዕከል ከዚሁ ልማድ ቢነሳ ይጸናል ብዬ አምናለሁ።

ለዚህ የሚሆን ማኅበር ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያሻም፤ ቅሬ አለ። ሌላው አገር እድር የሚለውን ወሎ ቅሬ ይለዋል። በብዙ ሰፈር ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በአንድ ቅሬ ተመዝግቦ አንዱ የሌላውን ሬሳ ይሸኛል። ቅሬው የአባላት መዝገብ፣ ገንዘብ ያዥ፣ ለቀረ ሰው መቀጫ፣ ድንኳንና ወንበር አለው። ለግንባታ ተብሎ የሚቋቋም ኮሚቴ ብዙ ጊዜ ቆርቆሮው ከተመታ በኋላ ይበተናል፤ ሞት ስለማይቀር ግን ቅሬ አይበተንም። ችግሩ የቅሬ ገንዘብ የቀብር ገንዘብ መሆኑ ነው። አዛውንቶቹ «የሙት ገንዘብ ለጨዋታ አይወጣም» ቢሉ እውነት አላቸው። ስለዚህ የማዕከሉን መዋጮ በጠቅላላ ጉባኤ አስወስኖ በሌላ መዝገብና በሌላ የባንክ ደብተር መያዝ ይገባል። ጉልበቱ በደቦ ይገኛል፤ አዝመራው ከተሰበሰበ በኋላ ባለው በጋ ድንጋይ ማጓጓዝና መሠረት መቆፈር ለሰዉ አይከብድም። ማዕከሉ ራሱን የቻለ ድርጅት ይሁን ከተባለም የ2011ዱ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113 መንገድ ከፍቷል።

ከሁሉ የሚያስቸግረው ቦታው ነው። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ቦታ ሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 ለማኅበራዊ አገልግሎት የሚውል ቦታ ያለ ጨረታ በምደባ የሚሰጥበትን አሠራር ዘርግቷል። ምንም ዓይነት ግንባታ ከመጀመሩ በፊት ካርታውን በእጅ ማስገባት ግድ ነው፤ ካርታ የሌለው ሜዳ ቀስ በቀስ ለቤት መሥሪያ ይሸነሸናል።

ከዚያ ተራው የአፈሩ ነው። ደሴ የጦሳን ተራራ ተጠግታ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። በሐረጎ ቁልቁለት 25 ኪሎ ሜትር ያህል ሲወረድ የምትገኘው ኮምቦልቻ ከእርሷ 600 ሜትር ያህል ዝቅ ትላለች። ደሴ ላይ መሬቱ ተዳፋት ነው፤ ክረምት ሲበረታ የሚንሸራተት ዳገትም አለ። ዳገት ቆርጦ ሜዳ የሚያወጣ ሰፈር ከላይ የሚወርደውን ጎርፍ የሚቀለብስ ቦይ መቅደድ፣ ከታች ደግሞ በሽቦ የታሰረ የድንጋይ ድጋፍ መደርደር አለበት። ረባዳው ላይ የሚያስቸግረው መረሬ የሚባለው ጥቁር አፈር ነው፤ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ሲርስ ያብጣል፣ የተሠራበትንም ግድግዳ ይዞ ይሰነጠቃል። ጥቁሩን አፈር ጠርጎ ገረጋንቲ (ጠጠር የበዛበት ጠንካራ አፈር) መሙላት ወጪ ቢያበዛም ሊታለፍ አይገባም።

አብዛኛው ወሎ በልግም ክረምትም ያገኛል፤ ሜዳው በዓመት ሁለት ወቅት ይዘንብበታል ማለት ነው። ከመሃል ወደ ዳር ትንሽ እንዲያዘቀዝቅ ሆኖ ካልተደለደለ የሚሆነውን የበልግ ዝናብ ማግስት ጎል ሥር ሄዶ ማየት ይበቃል፦ በረኛው የሚቆምበት ጎድጉዶ ኩሬ ሆኗል፣ ልጆቹ ጎሉን በሁለት ድንጋይ አሥር እርምጃ ወደ ጎን አዛውረው ይጫወታሉ።

ሙሉ የእግር ኳስ ሜዳ 105 በ68 ሜትር ይፈልጋል። ይህን የሚያህል ደልዳላ ቦታ ደሴ ላይ ማግኘት ከባድ ነው። 40 በ20 ሜትር የሆነ ሜዳ ለእጅ ኳስም ለአነስተኛ እግር ኳስም ይበቃል፤ 18 በ9 የሆነው የመረብ ኳስ መስመርም እዚያው ላይ ይሰመራል። በጥር 2009 ዓ.ም. ወልድያ ላይ የተመረቀው የሼህ ሙሐመድ ሁሴን አሊ አል-አሙዲ ስታዲየም ከ25 ሺህ በላይ ተመልካች ይይዛል፣ ለአገሩም ኩራት ነው። ልጅ በየቀኑ የሚጫወተው ግን ቤቱ አጠገብ፣ እናቱ ስትጠራው በሚሰማበት ቦታ ነው።

የማንበቢያ ክፍሉ ከሜዳው እኩል ይጀመር፤ «በኋላ» የተባለ ክፍል ሳይሠራ ይቀራል። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። ያ ዓመት ደሴና ኮምቦልቻ የሰሜኑ ጦርነት ውስጥ የገቡበት፣ የወሎ ትምህርት ቤቶች መጽሐፍና ወንበር ያጡበት ዓመት ነው። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ፈተናው በከፊል በኮምፒዩተር እየተሰጠ ስለሆነ፣ የኮምፒዩተር አይጥ (ማውስ) ጨብጦ የማያውቅ የገጠር ልጅ ጥያቄውን እያወቀው ሊወድቅ ይችላል። ጥቂት ኮምፒዩተሮች፣ መብራት ሲጠፋ የሚተካ ሶላር፣ የመማሪያ መጻሕፍትና ምሽት ላይ ሒሳብና እንግሊዝኛ የሚያግዙ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ትልቅ ነገር ናቸው። ደሴና ኮምቦልቻ ግቢ ያለው የወሎ ዩኒቨርሲቲ ቅርብ ነው። ለስደት የሚያስብ፣ በጅቡቲ በኩል ወደ ሳውዲ የሚወጣበትን ቀን የሚቆጥር ወጣትም እዚህ ክፍል ውስጥ ቁጭ ብሎ ሌላ መንገድ የሚማከርበት ሰው ሊያገኝ ይገባል።

ሴቶች ልጆች እንዲመጡ የተለየ ሰዓት፣ የሚዘጋ ልብስ መቀየሪያና ለብቻው የሆነ ሽንት ቤት ያስፈልጋል። ውኃ የመቅዳቱ ሥራ ብዙ ጊዜ በእነሱ ላይ ስለሆነ፣ ግቢው ውስጥ ቧንቧና ሮቶ ቢኖር ጀሪካኗን ሞልታ እስክትመለስ የሚባክነው ሰዓት ለልምምድ ይተርፋታል። ወላጅ የሚፈቅደውም የሚያምናት አሠልጣኝ ስታገኝ ነው።

ለጥበቃ የሚከፈለው ደመወዝ ከመዋጮው በየወሩ አስቀድሞ ይቀመጥ። አምፖል፣ መረብና የቧንቧ ጎማ ይሰረቃሉ፣ ይበላሻሉም። ቁልፉ አንድ ሰው ዘንድ ብቻ ከሆነ ያ ሰው ለቅሶ በሄደ ቀን ግቢው ተዘግቶ ይውላል። ስለዚህ አንዱ ቁልፍ ከጠባቂው፣ ሌላው ወጣቶቹ ራሳቸው ከመረጡት ልጅ ዘንድ ይሁን።