ልጅን ከውልደት ጀምሮ መከታተል፦ ጉዳዩ ከአዳማ ሲታይ

አዳማና ወንጂ አካባቢ ካደጉ ሰዎች ብዙዎቹ ጥርሳቸው ላይ ቡናማ ቀለም አለ። የማያውቅ ሰው ጥርስ አለመፋቅ ይመስለዋል። ነገሩ ግን ሌላ ነው። የስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውሃ ፍሎራይድ ይበዛበታል። የዓለም ጤና ድርጅት በሊትር ከ1.5 ሚሊ ግራም እንዳይበልጥ ይመክራል፤ የአካባቢው አንዳንድ ጉድጓዶች ግን የዚህን ብዙ እጥፍ ይዘው ተገኝተዋል። የፊት ቋሚ ጥርስ የላይኛው ሽፋን የሚሠራው ጥርሱ ገና ድድ ውስጥ እያለ፣ ልጁ ጡት በሚጠባበትና ድክ ድክ በሚልበት ዕድሜ ነው። ያኔ የጠጣው ውሃ ምልክት የሚታየው ሰባት ዓመት ገደማ ሲሆነው፣ ቋሚ ጥርሱ ሲበቅል ነው። ከዚያ በኋላ ውሃው ቢቀየርም፣ ቤተሰቡ ከተማ ቢለቅም ጥርሱ ወደነበረበት አይመለስም።

ይህን ያወቅነው ጥርስ ስለሚታይ ነው። ሳንባ፣ ልብና ቆሽት አይታዩም። በአራስነቱ ጭስ ሲምግ የኖረ ልጅ 40 ዓመት ሲሞላው ትንፋሽ ቢያጥረው ሁለቱን ነገር ማን ያገናኛቸዋል? እናቱ እንኳ ረስታዋለች። ተመራማሪዎች ልጆችን ከተወለዱ ጀምሮ፣ ብዙ ጊዜም ገና ከእርግዝናው፣ መዝግበው ለዓመታት የሚከታተሉት ለዚህ ነው። በሙያው ሰዎች ዘንድ እንዲህ ያለ ጥናት የውልደት ኮሆርት ይባላል።

አሠራሩ ሲወራ ቀላል ነው። ነፍሰ ጡሯ ለክትትል ጤና ጣቢያ ስትመጣ ጥናቱ ይነገራታል፣ ከፈቀደች ትፈርማለች። ምን እንደምትበላ፣ በምን እንደምታበስል፣ ቤቷ ስንት መስኮት እንዳለው፣ ማን እንደሚያግዛት ትጠየቃለች። ደም ይወሰዳል። ሕፃኑ ሲወለድ ክብደቱ ይመዘናል፤ ከ2.5 ኪሎ በታች ከሆነ ዝቅተኛ ክብደት ተብሎ ይመዘገባል። ከዚያ በኋላ ቀጠሮው ይቀጥላል፤ እዚህ አገር ብዙ ጊዜ ከክትባት ቀን ጋር ይገጣጠማል፣ ምክንያቱም በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት እናትየዋ ለማንኛውም መምጣቷ አይቀርም።

የሕፃን ቁመት ሲለካ አይታችሁ ታውቁ እንደሆነ አላውቅም። ሁለት ሰው ይፈልጋል። ልጁ በጀርባው እንጨቱ ላይ ይተኛል፣ አንዷ ጭንቅላቱን ከራስጌው ጋር አስነክታ ትይዛለች፣ ሌላዋ ጉልበቱን በቀስታ ዘርግታ የእግሩን ሳንቃ እስከ ተረከዙ ትገፋለች፤ ልጁ ይጮኻል፣ ይታጠፋል፣ እናትየዋ ከላይ ሆና "እሺ የኔ ጌታ፣ አለቀ አለቀ" ትላለች፣ ቁጥሩ እስከ ሚሊ ሜትር ይነበባል፣ ከዚያ እንደገና ይለካል። ሁለቱ ልኬቶች ከተራራቁ ሦስተኛ ጊዜ ነው። ሰው "ጥናት" ሲባል ኮምፒውተርና ፕሮፌሰር ይታየዋል፣ እኔ ግን የዚህ ጥናት ጥራት የሚለየው እዚህ እንጨት ላይ ነው ባይ ነኝ።

ታሪኩ ከተነሳ፣ ቀዳሚው የእንግሊዞች ነው። እ.ኤ.አ. መጋቢት 1946 በአንድ ሳምንት ውስጥ በብሪታንያ ከተወለዱት 5,362 ልጆች ተመርጠው እስከ እርጅናቸው ድረስ ክትትል ተደረገላቸው። ለእኛ ከተማ የሚጠቅም ነገርም ተገኝቶበታል፦ የድንጋይ ከሰል ጭስ በበዛበት ሰፈር ያደጉት በሕፃንነታቸው ደረታቸው ቶሎ ቶሎ ይታመም ነበር፣ ገና ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው የሳንባ ሕመም የነበረባቸው ደግሞ አድገውም ለሳንባ ችግር ይበልጥ የተጋለጡ ሆነው ተገኙ። በኒውዚላንድ የደነዲን ከተማ ጥናት በ1972 እና 1973 የተወለዱ 1,037 ልጆችን ይዞ ተነሳ። የሚገርመው ከ40 ዓመት በኋላም በሕይወት ካሉት ከ100ው ከ90 በላይ የሚሆኑት መገኘታቸው ነው።

የሀብታም አገር ጨዋታ እንዳይመስላችሁ። በብራዚል የፔሎታስ ከተማ በ1982 በሆስፒታል የተወለዱት 5,914 ሕፃናት በሙሉ ተመዘገቡ፤ ሲጠፉ ደግሞ ተመራማሪዎቹ የከተማዋን ቤቶች እያንኳኩ ፈለጓቸው። ልጆቹ 30 ዓመት ሲሞላቸው፣ ጡት ረዘም ላለ ጊዜ የጠቡት በአእምሮ ፈተናም በገቢም በልጠው ተገኙ። እዚህ ጋ አንድ ጥያቄ ይነሳል፦ ጡቱ ነው ወይስ የቤተሰቡ ኑሮ? በብዙ አገር ረዘም አድርጋ የምታጠባው የተማረችውና የደላት ስለሆነች መለየት ያስቸግራል። በፔሎታስ ግን በዚያ ዘመን ድሃውም ሀብታሙም ተመሳሳይ ያጠባ ነበር፣ ስለዚህ ውጤቱ ጠንከር ይላል። በጓቲማላ ደግሞ ከ1969 እስከ 1977 በአራት መንደሮች ሕፃናት የተለያየ መጠጥ ይሰጣቸው ነበር። ፕሮቲን ያለውን በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የጠጡት ወንዶች ጎልማሳ ሲሆኑ የሰዓት ክፍያቸው በ46 በመቶ ገደማ በልጦ ተገኘ።

ኢትዮጵያ ውስጥስ? አለ፣ ሰው አያውቀውም እንጂ። ቡታጅራ እ.ኤ.አ. በ2005 እና 2006 ከ1,000 በላይ ነፍሰ ጡሮች ተመዝግበው ከነልጆቻቸው ክትትል ተደርጎላቸዋል። እዚያ የታየው ነገር ልብ ይነካል፦ በእርግዝና ጊዜ የአእምሮ ጭንቀት የነበረባቸው እናቶች ምጣቸው የመርዘም፣ ጡት ማስጀመራቸውም የመዘግየት አዝማሚያ ነበረው፤ ጭንቀቱ ያልለቀቃቸው ደግሞ ልጆቻቸው ተቅማጥ ያጠቃቸው ነበር። "ነፍሰ ጡር አታስከፉ" የሚሉት እናቶቻችን ያለ ነገር አልነበረም። ጅማ ላይ እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ አራሶች ትንሽ ዝግ ሳጥን ውስጥ ለጥቂት ደቂቃ እየተኙ ስንቱ ስብ፣ ስንቱ ሥጋ እንደሆነ ተለክቷል። ያንግ ላይቭስ የሚባለው ጥናት ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ በ20 ቦታዎች 3,000 የሚሆኑ ልጆችን ሲከታተል ቆይቷል፤ ከልጆቹ ዛሬ ሥራ የያዙም፣ ያገቡም አሉ።

አዳማ ላይም እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ በጤና ተቋማት ክትትል የነበራቸው 2 ሺህ ያህል ነፍሰ ጡሮች ከስዊድኑ የሉንድ ዩኒቨርሲቲ ጋር በተደረገ ሥራ ተመዝግበዋል። ጥያቄዎቹ ሁለት ነበሩ ማለት ይቻላል። አንደኛው በሰውነት ውስጥ ተደብቆ የሚቆየው የቲቢ ጀርም በእርግዝና ጊዜ ምን ያደርጋል የሚል ነው። ሁለተኛው የከተማው አየር ነው፤ የምትኖርበት ሰፈር የመኪና ጭስና የምታበስልበት ማገዶ የሚወለደውን ልጅ ይነካዋል ወይ? ለዚህ ጥያቄ ከአዳማ የተሻለ ከተማ ማግኘት ይከብዳል። የጅቡቲ ከባድ መኪና በዚህ ያልፋል፣ ባጃጁ ቀኑን ሙሉ ይንጫጫል፣ ቤት ውስጥ ደግሞ ከሰሉ ይጨሳል። የቡና ከሰል በተዘጋ ክፍል፣ አራሷ ብርድ እንዳይመታት መስኮቱ ተደፍኖ። ይህ ለእናትየዋ ፍቅር ነው፣ ለሕፃኑ ሳንባ ግን ከባድ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ችግር ልምጣ። እንዲህ ያለ ጥናት የሚሞተው በገንዘብ እጥረት ብቻ አይደለም፣ በልጅ መጥፋትም ነው። ሲመዘገብ ስም የለውም፣ "የእገሊት ልጅ" ተብሎ ይጻፋል። ክርስትና ሲነሳ አንድ ስም፣ ቤት ውስጥ ሌላ ስም፣ ትምህርት ቤት ሲገባ ሦስተኛ ስም። እናትየዋ ለመታረስ እናቷ ዘንድ አርሲ ወይም ደብረ ዘይት ትሄዳለች፣ የመጀመሪያው ቀጠሮ ባዶ ይሆናል። ተከራይ ከሆኑ በዓመቱ ሰፈር ይቀይራሉ። ስልኩ የአባትየው ነው፣ እሱም ሲም ካርድ ቀይሯል። የልደት ዕለቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ተነግሮ ፎርሙ ላይ በፈረንጅ ሲገለበጥ ይሳሳታል፤ ለአራስ ደግሞ የሳምንት ስህተት ትልቅ ነው። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በቀበሌ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ስለሆነ ከዚያ በፊት የተወለደን ልጅ በመዝገብ ማግኘት ፈተና ነው።

የሚጠፉት ደግሞ ዝም ብለው በዕጣ አይጠፉም። ድሃው፣ ተከራዩ፣ ለቀን ሥራ የሚንከራተተው ነው ቀድሞ የሚጠፋው። እነሱ ሲወጡ የቀረው ቁጥር የደህናዎቹ ሆኖ ከተማው ጤነኛ ይመስላል። በእኔ አስተያየት ፍለጋውን የሚያውቁት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች፣ የሰፈር እድርና የግቢው አከራይ ናቸው፤ ገንዘቡ ከውጭ መሣሪያ ይልቅ መጀመሪያ ለእነሱ ይዋል። ስድስት ወር እየሠራች የምትቀየር መረጃ ሰብሳቢ ቤተሰቡን አታውቅም፣ ቤተሰቡም አያምናትም።

ጥናት ላይ እንድትገቢ የተጠየቅሽ እናት ከሆንሽ ደግሞ ሳታፍሪ ጠይቂ። ደሙ የት ይቀመጣል፣ ወደ ውጭ ይላካል ወይ፣ ስንት ዓመት ይቆያል? ልጁ ቀጭጮ ቢገኝ ፕላምፒናት የሚባለው አልሚ ምግብና ሕክምናው የሚሰጠው መቼ ነው፣ የት? ውጤቱን ለእኔ ማን ይነግረኛል? መልሱ ካላረካሽ አለመግባት መብትሽ ነው። ገብተሽም ቢሆን በማንኛውም ቀን ማቋረጥ ትችያለሽ፣ ሕክምናሽ በዚህ ምክንያት አይቀርም። ልጁም ነፍስ ሲያውቅ መጠየቅ አለበት፣ 18 ዓመት ሲሞላው ደግሞ ራሱ ይፈርማል ወይም እንቢ ይላል።