የአይ-አር-ኪው ግጭት ምንድን ነው?

አሮጌ ኮምፒውተር ላይ አዲስ ካርድ ትሰካላችሁ። ካርዱ አይሠራም፤ ትናንት ደህና የነበረው ማውስም ድርቅ ይላል። ጅማ መርካቶ ጥገና ቤት ስትወስዱት ብዙ ጊዜ የምትሰሙት «ወንድሜ፣ ይሄ ካርድ ተቃጥሏል» የሚል ነው። በጣም የሚቆጨኝ እዚህ ላይ ነው። ደህና ካርድ በከንቱ ይጣላል። ችግሩ ሁለት መሣሪያዎች አንድ ቁጥር መያዛቸው ብቻ ሊሆን ይችላላ!

ኪቦርድም ሆነ ኔትወርክ ካርድ ለፕሮሰሰሩ የሚነግረው ነገር ሲኖረው ይጠራዋል። የሚጠራበት መስመር አይ-አር-ኪው ይባላል። እያንዳንዱ መስመር ቁጥር አለው። እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣው የመጀመሪያው አይ-ቢ-ኤም ፒሲ 8 መስመር ብቻ ነበረው። በ1984 የመጣው ኤ-ቲ ሌላ ቺፕ ጨምሮ ከ0 እስከ 15 አደረሰው። ግን አብዛኞቹ ባለቤት አላቸው። 0 የሰዓት ቆጣሪው ነው፣ 1 የኪቦርድ፣ 6 የፍሎፒ፣ 14 እና 15 የሃርድ ዲስክና የሲዲ። ለአዲስ ካርድ የሚተርፉት ብዙውን ጊዜ 5፣ 9፣ 10 እና 11 ናቸው።

ልጅ መጥቶ «ቡና ፈልቷል፣ ነይ ተብለሻል» ብሎ ቢሮጥ፣ ከየትኛው ቤት እንደተላከ ካልተናገረ የተጠራችው ወዴት ትሂድ? አይ-ኤስ-ኤ በሚባለው ረጅም ጥቁር ስሎት ላይ የሚሰኩ ካርዶች አንድ ቁጥር ሲይዙ የሚሆነው ይኸው ነው። አጠር ባለው ነጭ ፒሲአይ ስሎት ላይ ያሉት ግን መስመር መጋራት ይችላሉ። የእያንዳንዱ ካርድ ድራይቨር፣ ማለትም ካርዱን የሚያሠራው ፕሮግራም፣ «የጠራው የኔ ካርድ ነው?» ብሎ ያጣራል።

የስልክ ሞደምን እንይ። ኮም የሚባሉት ማውስና ሞደም የሚጠቀሙባቸው ፖርቶች ናቸው። ማውሱ ኮም 1 ላይ ነው፣ ሞደሙ ኮም 3 ላይ። ስማቸው ቢለያይም ሁለቱም የሚጠሩት በ4 ቁጥር ነው። ሞደሙ መደወል ሲጀምር ማውሱ ቀጥ ይላል። መፍትሔው ኮምፒውተሩ ሲነሳ የሚከፈተው የማስተካከያ ገጽ፣ ባዮስ፣ ውስጥ ገብቶ የማዘርቦርዱን ኮም 2 መዝጋት፣ ከዚያ ሞደሙን ወደ ኮም 2 ማዞር ነው። ያኔ 3 ቁጥርን ብቻውን ይይዛል።

ወደዚህ ሁሉ ከመግባታችሁ በፊት ግን የጅማን እርጥበት አትርሱ። ስሎቱ ውስጥ የሚገባው የካርዱ ወርቃማ ጫፍ ሲቆሽሽ ምልክቱ ልክ ግጭት ይመስላል። ኮምፒውተሩን አጥፉ፣ ከሶኬት ንቀሉ፣ ጫፉን በንጹሕ ላጲስ ጠረግ ጠረግ አድርጋችሁ መልሳችሁ ስኩት።

ካልተለወጠ ዊንዶውስ 98 ላይ የመሣሪያዎቹን ዝርዝር የሚያሳየውን ዲቫይስ ማኔጀርን ክፈቱ። ቢጫ ቃለ አጋኖ ያለበትን መሣሪያ ስትከፍቱ ሪሶርስስ የሚለው ገጽ ከማን ጋር እንደተጋጨ ይነግራችኋል። ከዝርዝሩ አናት ላይ «ኮምፒውተር» የሚለውን ሁለቴ ብትጫኑ ደግሞ የትኛው ቁጥር በማን እንደተያዘ በሙሉ ታያላችሁ። እኔ ሁሌም ከዚህ ነው የምጀምረው። ባዶ ቁጥር ሳያውቁ ካርድ መነካካት ጊዜ ማባከን ነው።

10 ባዶ ነው እንበል። አሮጌ ካርድ ከሆነ ፒኖቹ ላይ የተሰካችውን ትንሿን ጃምፐር 10 ወደሚለው አዛውሩ። ከዚያ ባዮስ ውስጥ 10 ቁጥርን ለአይ-ኤስ-ኤ ካርድ ያዙለት፤ አለበለዚያ ባዮሱ ለሌላ ካርድ ሊሰጥባችሁ ይችላል። ባዶ ቁጥር ከጠፋ የማትጠቀሙበትን ዝጉ። ፕሪንተራችሁ በዩኤስቢ ከሆነ የድሮው የፕሪንተር መሰኪያ (ፓራለል ፖርት) 7 ቁጥርን ለምን ይያዝ? ፒሲአይ ካርድ ካስቸገረ ደግሞ ስሎት ቀይሩለት፤ ቁጥሩ አብሮ ሊቀየር ይችላል።

ሳውንድ ካርድ ላይ አይ-አር-ኪው ብቻውን አይበቃም። ፕሮሰሰሩን ሳያስቸግር ከሜሞሪ ጋር ዳታ የሚለዋወጥበት መስመር (ዲ-ኤም-ኤ) እና ፕሮሰሰሩ ካርዱን የሚያገኝበት አድራሻም አለው። ሳውንድ ብላስተር 16 ብዙ ጊዜ አድራሻ 220፣ አይ-አር-ኪው 5፣ ዲ-ኤም-ኤ 1 እና 5 ይዞ ነው የሚመጣው። እነዚህም በሌላ መሣሪያ እንዳልተያዙ እዚያው ዝርዝር ላይ እዩ።

ካርዶቹን አንድ በአንድ ስኩ። አንዱ ሳይሠራ ሌላውን አትጨምሩ። ሲያልቅ የያዙትን ቁጥር በወረቀት ጽፋችሁ ኬዙ ክዳን ውስጥ ለጥፉት። ቀጥሎ የሚከፍተው ባለሙያ ከዚያ ይጀምራል።