አግዋሄ፦ የአማዞን ረግረግ ዘንባባ

አግዋሄ በደቡብ አሜሪካ ሞቃታማ ረግረጎች፣ በተለይም በአማዞንና በኦሪኖኮ ወንዞች ተፋሰስ የሚበቅል የዘንባባ ዝርያ ነው። አግዋሄ የሚሉት ፔሩዎች ሲሆኑ፣ በብራዚል ቡሪቲ፣ በቬኔዝዌላ ደግሞ ሞሪቼ ይባላል። ማውሪሺያ ፍሌክሱዎሳ የተባለው ሳይንሳዊ ስሙ ከስዊድናዊው የዕፅዋት ሊቅ ከታናሹ ሊኔየስ የተሰጠው ነው፤ የስሙ የመጀመሪያ ክፍል እ.ኤ.አ. ከ1637 እስከ 1644 በብራዚል የነበረውን የሆላንድ ቅኝ ግዛት ያስተዳደረው የናሳው መስፍን ዮሃን ማውሪትስ መታሰቢያ ነው።

ዛፉ ቅርንጫፍ የለውም፤ ቀጥ ያለው ግንዱ እስከ 35 ሜትር ይረዝማል፣ አናቱም ላይ እንደ ማራገቢያ የተዘረጉ ሰፋፊ ቅጠሎች አሉት። ብዙ ዛፎች ሥራቸው ውሃ ውስጥ ሲሰነብት አየር አጥተው ይደርቃሉ። አግዋሄ ግን ከጭቃው በላይ ብቅ የሚሉ መተንፈሻ ሥሮች ስላሉት፣ ውሃ በማይለየው መሬት ላይ ጥቅጥቅ ያለ ደን ሠርቶ ይኖራል። ከዛፉ የሚረግፈው ቅጠልና የወደቀው ግንድ በውሃ ስለሚታፈን ሙሉ በሙሉ ሳይበሰብስ ለሺህ ዓመታት ሲደራረብ ቆይቷል። በሰሜናዊ ፔሩ፣ በፓስታሳና በማራኞን ወንዞች ተፋሰስ በሚገኙት እንዲህ ባሉ ረግረጎች የተከማቸው ካርበን 3 ቢሊዮን ቶን ገደማ እንደሚደርስ እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ ጥናት ገምቷል። ረግረጉ ከተጠነፈፈ ይህ ክምችት እየበሰበሰ ወደ አየር ይወጣል።

ፍሬው የዶሮ እንቁላል ያህላል፤ ላዩ እንደ ዓሣ ቅርፊት በተደራረበ፣ ቀላ ባለ ቡናማ ልባስ ተሸፍኗል። በውስጡ ካለው ትልቅ ዘር አንጻር የሚበላው ብርቱካንማ ሥጋ በጣም ስስ ነው፤ ሆኖም ቅባትና ሰውነት ወደ ቫይታሚን ኤ የሚለውጠው ቤታ ካሮቲን በብዛት አለው። የፔሩ የአማዞን ከተማ በሆነችው ኢኪቶስ፣ ሻጮች ፍሬውን ለብ ባለ ውሃ ዘፍዝፈው ቅርፊቱ ሲላላ ይገፉታል። ሥጋው ተፍቆ በውሃና በስኳር ሲበጠበጥ አግዋሂና የተባለው መጠጥ ይሆናል፤ አይስክሬምም ይሠራበታል።

ጥቅሙ በፍሬው አያበቃም። በኦሪኖኮ ደለል ላይ የሚኖሩት ዋራዎ የተባሉ ነባር ሕዝቦች ከግንዱ ውስጥ ስታርች አውጥተው ይመገባሉ፤ ከለጋው ቅጠል በሚላጠው ቃጫም ገመድና ተንጠልጣይ የመኝታ መረብ ይሠራሉ። እ.ኤ.አ. በ1800 በኦሪኖኮ የተጓዘው ጀርመናዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ አሌክሳንደር ፎን ሑምቦልት የሕይወት ዛፍ ያለው ያለ ምክንያት አልነበረም። በወደቀው ግንድ ውስጥ የሚራባው የነቀዝ እጭ፣ በፔሩ አጠራር ሱሪ፣ ተጠብሶ ይበላል። በብራዚሉ ጃላፓኦ ደግሞ ሴቶች እንደ ወርቅ የሚያብለጨልጭ የሣር አገዳ በእፍኝ ይዘው፣ በመርፌ በተሰካ የቡሪቲ ቃጫ እየጠመጠሙ ይሰፉታል። የሰፌድና የሞሰብ አሰፋፍ የሚያውቅ ኢትዮጵያዊ ሥራውን ቢያይ እንግዳ አይሆንበትም።

በቀቀኖች ደርቆ በቆመው ግንድ ቀዳዳ ውስጥ ጎጆ ይሠራሉ፤ የዱር እንስሳትም ከሥሩ የወደቀውን ፍሬ ይለቅማሉ።

ትልቁ ጉዳት የሚመጣው ከአለቃቀሙ ነው። የአግዋሄ ተባዕትና እንስት ዛፍ የተለያየ ሲሆን የሚያፈራው እንስቱ ብቻ ነው፤ ዛፉ እስኪያብብ ድረስም አንዱን ከሌላው መለየት አይቻልም። ግንዱ ረጅምና ልሙጥ በመሆኑ ብዙ ለቃሚዎች ለአንድ ጊዜ ምርት ሲሉ ዛፉን ከሥሩ ይቆርጡታል፤ እንዲህ በተለቀመበት ረግረግ የሚተርፈው አብዛኛው ተባዕት ነው። ይበልጥ የሚያሳዝነው፣ ገበያው የሚፈልገው ሥጋው ወፈር ያለውን ፍሬ ስለሆነ ቀድሞ የሚወድቀው ለዘር ሊተርፍ የሚገባው ምርጥ ዛፍ መሆኑ ነው። ከ2 ሚሊዮን ሄክታር በላይ በሚሰፋው የፓካያ ሳሚሪያ ብሔራዊ ጥብቅ ስፍራ የሚኖሩ አንዳንድ ማኅበረሰቦች ግን በገመድና በመታጠቂያ ግንዱን ወጥተው ዘለላውን ብቻ ቆርጠው ያወርዳሉ፤ ዛፉ ዳግም ሲያፈራም ወደዚያው ይመለሳሉ።