ሃይብሪድ ሶላር ከነባትሪው እንዴት ይሠራል?

ጣሪያው ላይ ሶላር ያለው ቤት መብራት ሲጠፋ አብሮ ሊጨልም ይችላል ቢባል ብዙ ሰው አያምንም። ግን እውነት ነው። ባትሪ የሌለውና ከዋናው የኤሌክትሪክ መስመር ጋር የተያያዘ ሶላር፣ መስመሩ ሲቋረጥ በጠራራ ፀሐይም ቢሆን ራሱን ያጠፋል። ከቤት ወደ መስመሩ የሚወጣ ኃይል ጥገና ላይ ያለን ሠራተኛ ሊገድል ስለሚችል ነው። ሃይብሪዱ፣ ማለትም ከመስመሩም ከባትሪም ጋር የተያያዘው ሶላር፣ ግን ቤቱን ከመስመሩ ይነጥልና በባትሪና በፀሐይ ይቀጥላል። ቅያሪው ብዙውን ጊዜ በሚሊሰከንዶች ስለሚያልቅ ኮምፒውተር እንኳ ላይጠፋ ይችላል።

የዚህ ሁሉ አለቃ ኢንቨርተሩ ነው። ከፓኔልና ከባትሪ የሚመጣው ዲሲ (በአንድ አቅጣጫ የሚፈስ ኤሌክትሪክ) ነው፤ የቤት ዕቃው የሚፈልገው ኤሲ (አቅጣጫውን እየቀያየረ የሚፈስ)። ኢንቨርተሩ ይህን ይቀይራል። ደመና ሲያልፍ፣ ሙቀት ሲጨምር ደግሞ ፓኔሉ የተሻለ ኃይል የሚሰጥበትን ቮልቴጅ እየተከታተለ ይይዛል። በነገራችን ላይ ፓኔል የሚወደው ብርሃን እንጂ ሙቀት አይደለም። ከ25 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ሲግል በየዲግሪው ከ0.3 እስከ 0.4 በመቶ ገደማ ጉልበቱ ይቀንሳል።

ቅደም ተከተሉን ባለቤቱ ይመርጣል። በተለመደው አሠራር የቀን ፀሐይ መጀመሪያ ቤቱን ያንቀሳቅሳል፣ ትርፉ ባትሪ ይሞላል፣ ከዚያ የተረፈው ከተፈቀደ ወደ መስመሩ ይሸጣል። ማታ ባትሪው ይረከባል። ባትሪው የተወሰነለት ደረጃ ላይ ሲደርስ ዋናው መስመር ይተካዋል።

ባትሪውን ጥርግ አድርጎ መጨረስ ዕድሜውን ያሳጥራል። ሊድ አሲድ የሚባለው የባትሪ ዓይነት ከግማሽ በታች ባይወርድ ይመረጣል። ሊቲየም አይረን ፎስፌት የሚባለው ዓይነት ደግሞ 80 በመቶውንና ከዚያም በላይ ይሰጣል፤ በሺዎች ለሚቆጠር ጊዜም እየተሞላ ያገለግላል። ውስጡ ያለው መቆጣጠሪያ የየሴሉን ቮልቴጅና ሙቀት ይጠብቃል። ከዜሮ ዲግሪ በታች ግን መሙላት ይጎዳዋል።

ሰው በብዛት የሚሸወደው ኪሎዋትና ኪሎዋት ሰዓት ላይ ነው። ኪሎዋት በአንድ ጊዜ የሚወሰደው ኃይል ነው፤ ኪሎዋት ሰዓት ደግሞ የተከማቸው መጠን። 5 ኪሎዋት ሰዓት የያዘ ባትሪ 500 ዋት ለሚወስድ ቤት በወረቀት ላይ 10 ሰዓት ይበቃል፤ በተግባር በብክነቱ ምክንያት ያንሳል። ኢንቨርተሩ 3 ኪሎዋት ከሆነ ደግሞ 2 ኪሎዋት ምድጃና 1.5 ኪሎዋት ካውያ አብረው ሲበሩ ባትሪው ሙሉ ቢሆንም ከኢንቨርተሩ አቅም በላይ ነው። ለዚህ ነው ምድጃና የውኃ ማሞቂያ ብዙ ጊዜ ከባትሪው መስመር ውጭ የሚደረጉት።