ዝርግ ንድፍ፦ ጠፍጣፋው እንዴት ሳጥን፣ ሾጣጣና ሉል ይሆናል?

ዝርግ ንድፍ የአንድ ጠጣር ምስል ገጾች እንደተያያዙ በጠፍጣፋ ቦታ ላይ ተዘርግተው የሚታዩበት ሥዕል ነው። ተቆርጦ ሲታጠፍና ጫፎቹ ሲገጣጠሙ ምስሉ መልሶ ይቆማል። ካርቶንም ሆነ ላሜራ ወደ ባለሙያው እጅ የሚገባው ጠፍጣፋ ሆኖ ስለሆነ፣ ማሸጊያ የሚነድፈውም አሸንዳ የሚሠራውም ሥራውን የሚጀምሩት ከዚሁ ነው። በምናለሽ ተራ አሮጌ በርሜል ቀደው፣ ቀጥቅጠውና አስተካክለው ሌላ ዕቃ የሚያወጡት የእጅ ባለሙያዎች ይህንኑ ጥበብ መዘርጋቱንም መልሶ ማቆሙንም ያውቁታል።

በጥንቃቄ ሊታይ የሚገባው ኩብ ነው። 12 ጠርዞች አሉት፤ በየትኛውም መንገድ ቢዘረጋ 7ቱ ይቆረጣሉ፣ 5ቱ ለእጥፋት ይቀራሉ። ስድስት እኩል ካሬዎችን ጎን ለጎን ማያያዝ የሚቻልባቸው 35 ቅርጾች ቢኖሩም ታጥፈው ኩብ የሚሆኑት 11 ብቻ ናቸው። እነዚህ 11 ለሒሳብ መምህር እኩል ቢሆኑም ለነዳፊ እኩል አይደሉም። በትምህርት ቤት የለመድነው የመስቀል ቅርጽ ከአራት ማዕዘን ወረቀት ላይ ሲወጣ የ12 ካሬ ስፋት ይጠይቃል፤ ግማሹ ቁራጭ ሆኖ ይቀራል። ሦስት ሦስት ካሬ ያላቸው ሁለት ረድፎች በአንድ ካሬ ጎን ብቻ ሲያያዙ ግን 10 ካሬ ይበቃል። ነዳፊው ብቃቱን የሚያሳየው የት እንደሚቆርጥ በመምረጡ ነው ብዬ አምናለሁ።

እንዲህ ያሉ ንድፎችን በመጽሐፍ በማሳተም ቀዳሚ ተብሎ የሚጠቀሰው ጀርመናዊው ሠዓሊ አልብሬክት ዱረር ነው፤ ጊዜው እ.ኤ.አ. 1525 ነበር (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እ.ኤ.አ. ናቸው)። ከሥራው የመነጨ አንድ ጥያቄ እስካሁን አልተፈታም፦ ጎድጓዳ ክፍል የሌለው ማንኛውም ባለ ጠፍጣፋ ገጽ ምስል በጠርዞቹ ብቻ ተቆርጦ፣ ገጾቹ ሳይደራረቡ ሊዘረጋ ይችላል? የሒሳብ ሊቁ ጄፍሪ ሼፐርድ ጥያቄውን በ1975 በጥራት አስቀምጦታል። የሚያረጋግጥም የሚያፈርስም እስካሁን አልተገኘም።

ካርቶኑን ወደ ፋብሪካ ያስገባው ክስተት በአሜሪካ፣ በኒው ዮርክ ብሩክሊን ደረሰ። በ1879 በሮበርት ጌር የወረቀት ከረጢት ፋብሪካ ውስጥ የማጠፊያ መስመር ማስመር የነበረበት የብረት ስለት ከቦታው ተንሸራትቶ ከረጢቶቹን ቆራረጣቸው። ጌር ከዚህ ብልሽት መቁረጥና ማስመር በአንድ ምት ሊሠሩ እንደሚችሉ ተረዳ። ተዘርግቶ ተጓጉዞ በቦታው የሚቆመው ርካሽ ሳጥን የመጣው በዚህ መንገድ ነው።

ጥምዝ ገጾች ሁሉ አንድ ዓይነት ጠባይ የላቸውም። ሲሊንደር ሲዘረጋ ጎኑ ሬክታንግል ይሆናል፤ ርዝመቱም የክቡ ዙሪያ ነው። ሾጣጣ ደግሞ የክብ ቁራጭ ይወጣዋል። የመቀመጫው ሬዲየስ 10 ሳንቲ ሜትር፣ የጎኑ ርዝመት 30 ሳንቲ ሜትር ከሆነ፣ 30 ሳንቲ ሜትር ሬዲየስ ካለው ክብ ላይ የ120 ዲግሪ ቁራጭ ይወሰዳል። ሉል ግን እንደ ብርቱካን ልጣጭ ሳይቀደድ ወይም ሳይለጠጥ አይዘረጋም፤ ጀርመናዊው የሒሳብ ሊቅ ጋውስ ይህንን የሚያስረዳውን ሕግ በ1827 አቅርቧል። ስለዚህ ነዳፊዎች ወደ ሉል የሚያስጠጋ መንገድ ይፈልጋሉ። ጀርመናዊው ካርታ ሠሪ ማርቲን ቫልድዜሙለር በ1507 ያሳተመው የሉል ካርታ መሃላቸው ሰፊ፣ ጫፋቸው ሹል የሆኑ 12 ቁራጮች አሉት። የ1970ው የዓለም ዋንጫ ኳስ ደግሞ ከ12 ባለ አምስት ጎንና ከ20 ባለ ስድስት ጎን ቁራጮች ተሰፋ።

በሥራ ቦታ ሥዕሉ ብቻ አይበቃም። ለማጣበቂያ የሚሆን ትርፍ ከንፈር መተው አለበት። የካርቶኑ ውፍረት ካልታሰበ ክዳኑ አይገጥምም። ላሜራም ሲታጠፍ ውጪው ይለጠጣል፣ ውስጡ ይጨመቃል፤ ስለዚህ የመታጠፊያው ልክ አስቀድሞ ይሰላል። ዛሬ ኮምፒውተር ይህን ሒሳብ በቅጽበት ይጨርሳል። የመገጣጠሚያው መስመር ከሳጥኑ ጀርባ ይሁን ወይስ ዓርማው ካለበት ፊት የሚለውን ግን ነዳፊው ራሱ ይወስናል።