የረር ሥር የነበረው ገበያ፦ ስለ ባርነት ቡና ላይ የምንሳሳታቸው ነገሮች

ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ከገባን ጀምሮ ፀሐይ የምትወጣልን ከየረር ተራራ ጀርባ ነው። ባለፈው ሳምንት ልጄ «ባርነት በኢትዮጵያ መቼ ተሻረ?» የሚል የቤት ሥራ ይዛ መጣች፤ ለመልሱ የተተወላት ቦታ አንዲት መስመር ናት። ቅዳሜ ቡና ላይ ጎረቤቶቻችንን ብትጠይቃቸው መልስ ያጣ አልነበረም። እኔ ግን ሲኒዬን ይዤ ስሰማ አብዛኛው መልስ ከመንገድ የወጣ መሰለኝ።

«ኧረ ይሄ የዐረብና የፈረንጅ ሥራ ነው፤ እኛ ጋ የት ነበር?»

ይህን ያሉት የምድር ቤቷ እትዬ ናቸው፤ ሲናገሩ ፊታቸው ወደ የረር ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ግድም በዚሁ ተራራ ሥር ሮጌ የሚባል የታወቀ ገበያ ይቆም ነበር። ቡናና ዝባድ ይሸጥበታል፤ ሰውም ይሸጥበታል። በሸዋ ሌላ የሰው ገበያ ደግሞ አልዩ አምባ አጠገብ አብዱል ረሱል ላይ ነበር። ከዚያ መንገዱ በአፋር በረሃ አድርጎ ወደ ታጁራ ይወርዳል። ባሕሩን ተሻግሮ የሚገዛው ሌላ ነው፤ እውነት ነው። ባሪያ ፈንጋዩ፣ ደላላው፣ በየኬላው ቀረጥ የሚቀበለው ግን የአገር ሰው ነበር። ደግሞም የተሸጠው ሁሉ ባሕር አልተሻገረም፤ እዚሁ በየጌታው ቤት እንጨት ሲለቅም፣ ውኃ ሲቀዳና እህል ሲፈጭ የኖረው ብዙ ነው።

«ቢሆንም እንደ አሜሪካ አይደለም፤ እኛ ጋ ባሪያ እንደ ቤተሰብ ነበር»

ይህኛው ግማሽ እውነት ስላለበት ለመንቀል ያስቸግራል። እንደ አሜሪካ የጥጥ እርሻ አልነበረንም፤ ሥራው በአመዛኙ የቤትና የጓሮ ነበር። ባሪያን አርነት ማውጣትም እንደ ጽድቅ ይቆጠር ነበር። ይህን ያሉት ሌላው ጎረቤታችን ጋሼ፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስንና ደጃዝማች ባልቻን ጠቀሱ፤ ሁለቱም በልጅነታቸው በጦርነት ተማርከው ለትልቅ ማዕረግ የበቁ ናቸው። ልክ ነው። ግን በሁለት ሰው ዕድል የሺዎቹን ኑሮ መለካት አይቻልም።

እኔ ይልቅ ኦነሲሞስ ነሲብን አነሣሁ። ኢሉባቦር ሁሩሙ አካባቢ የተወለደ፣ ገና ሕፃን ሳለ ከእናቱ ጉያ የተሰረቀ ልጅ ነው። ከአንዱ ነጋዴ ወደ ሌላው እየተሸጠ ምጽዋ ደረሰና እዚያ በ1870 እ.ኤ.አ. አርነት ወጣ። የስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ገባ። በኋላም መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ መለሰ፤ ሙሉው በ1899 እ.ኤ.አ. ታተመ። በዚያ ሥራ ያገዘችው አስቴር ጋኖም ወደ ዐረብ አገር ልትሻገር ከተጫነችበት መርከብ ላይ በ1886 እ.ኤ.አ. የተያዘች፣ እንደሱው የተሸጠች ልጅ ናት። እነዚህን ልጆች «እንደ ቤተሰብ ነበሩ» የሚላቸው ሰው መጀመሪያ እውነተኛ ቤተሰባቸው የት እንደቀረ ይንገረኝ። ስድቡም አለ፦ አንድን ሰው በመልኩ ብቻ «ባሪያ» ማለት እስከ ዛሬ በሰፈራችን ይሰማል። የቤተሰብ ስም ቢሆን ኖሮ ስድብ ባልሆነ ነበር።

«ጃንሆይ በአንድ አዋጅ ሻሩት»

የመምህሩም መልስ ይኸው ይመስለኛል፤ መስመሯ አንዲት ናትና። ነገሩ ግን ዘመናት የፈጀ ነው። አፄ ቴዎድሮስም፣ አፄ ዮሐንስም፣ አፄ ምኒልክም በየተራቸው የባሪያን ንግድ ከልክለዋል። የተከለከለው ግን ንግዱ ነው፤ ባሪያ ማሳደሩ አልተነካም። የድሮው የሕግ መጽሐፍ ፍትሐ ነገሥት ራሱ ሰው ሁሉ በተፈጥሮው ነጻ እንደሆነ ይናገርና ጦርነት ምርኮኛን ለማራኪው ባሪያ እንደሚያደርገው አያይዞ ይፈቅዳል። ከአዋጁ በኋላ እንኳ ንጉሡ ራሱ ሲዘምት ምርኮኛ ይዞ ይመለስ ነበር። አዋጅና ዘመቻ በአንድ ቤተ መንግሥት ውስጥ ይኖሩ ነበር ማለት ነው።

በመስከረም 1916 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የመንግሥታቱ ማኅበር አባል ሆነች፤ ባርነትን ማጥፋትም የገባችው ቃል ነበር። በዚያው ዓመት መጋቢት ላይ በአልጋ ወራሽ ተፈሪ ዘመን የወጣው ሕግ ለጌቶች ብዙ ጊዜ ሰጣቸው፤ ጌታው ሲሞት ባሪያው ወራሾቹን 7 ዓመት አገልግሎ ነው አርነት የሚወጣው። በ1923 ዓ.ም. የወጣው ሁለተኛ ሕግ 7ቱን ዓመት ወደ 1 አወረደው። ባርነት በሕግ ፊት ፈጽሞ የተሻረው ነሐሴ 20 ቀን 1934 ዓ.ም. ነው። ልጄ አስልታ «ታዲያ በ1916 ሕፃን የነበረ ባሪያ በ1934 ትልቅ ሰው ነዋ» አለች። ነው። ደግሞ በዚያ ሕፃን ሕይወት ላይ የሚወስነው የጌታው ዕድሜ ነበር፤ የጌታውን ሞት ሲጠብቅ ኖረ።

«ነጻ ያወጣቸው ጣሊያን ነው»

ይህን ያለው ቴክኒሻኑ የጎረቤት ልጅ ነው፣ ከስልኩ ላይ ያነበበው። ጄኔራል ደ ቦኖ በጥቅምት 1928 ዓ.ም. ትግራይ ላይ ባርነት ተሽሯል ብሎ አውጇል፤ ይህ አይካድም። ግን ወረራውን ለዓለም ለማስዋብ የተጠቀመበት ሰበብም ነበር፤ አገሪቱ በራሷ ሕግ ከጀመረች ከአሥር ዓመት በላይ ሆኗት ነበርና። የጌቶች ሥልጣን በጦርነቱ ሲላላ ብዙ ሰው በራሱ እግር ወጥቶ ሄዷል፤ ይህን ለማንም ባንሰጥ ይሻላል፣ የሄዱት ራሳቸው ናቸው። «ነጻ አውጪው» ደግሞ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. እና በቀጠሉት ቀናት አዲስ አበባ ላይ ምን እንዳደረገ ስድስት ኪሎ ያለው ሐውልት ይናገራል።

«ገባርም ያው ባሪያ ነው»

አይደለም። ገባር ተሽጦ አይገዛም፤ ቤትና ቤተሰብ አለው፤ ግብርና የጉልበት ሥራ ይጫንበታል። ጭቆናው ከባድ ነበር፤ የጭሰኝነቱ ሥርዓትም በየካቲት 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ እስኪሻር ድረስ ቆየ። ሁለቱን ስም ማደባለቅ ግን የሁለቱንም ታሪክ ያጠፋል።

«አሁን ተረት ሆኗል»

እዚህ ላይ ቡናው ቀዘቀዘ፤ ምክንያቱም ቡናውን ያፈላችው የእትዬ ሠራተኛ ናት። የቤት ሠራተኛ ባሪያ አይደለችም፤ እንዲህ የሚሉ ሰዎችን አልወድም፣ ቃሉን ያቀሉታል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 18 ባርነትንም፣ በሰው መነገድንም፣ በግዴታ ሥራ ማሠራትንም ይከለክላል። ነገር ግን በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ለሥራ ትንሹን ዕድሜ 15 ዓመት ሲያደርግ፣ በሰው ቤት የምትሠራዋን ልጅ ከመላው አዋጅ ውጭ ትቷታል። ደላላ ከገጠር አምጥቶ የሚያስገባት፣ ደመወዟ «እናስቀምጥልሽ» ተብሎ እዚያው የሚቀር፣ ስልኳን የተቀማች ልጅ አቤት የምትልበት ሕግ እንደ ፋብሪካ ሠራተኛ ቅርብ አይደለም።

እትዬ ወዲያው «እኔስ በየወሩ በእጇ ነው የምሰጣት» አሉ። ልጅቷ ሦስተኛውን ልታቀርብ ጀበናዋን እያነሣች ነበር፤ ምንም አላለችም። ልጄ አንዷን መስመር አልፋ ከጀርባው ቀጥላ ጻፈች።